በአንድ «ላኪ» የተያዘ ስኳር

ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ የመጀመሪያ ልጄን ጡት እያስጣልኩ ነበር። የሶማሌ ጦር ድሬ ዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛዋን አርግዤ አልጋ ሥር ተደብቄያለሁ። የልጅ ልጆቼ ስለ ደርግ ሲጠይቁኝ ይህን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ስኳሩ ነው፤ ገና ሳልጀምር ሳቅ ያፍነኛል።

ጦርነቱ አልፎ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ብቻ የሚታደልበት ጊዜ ነበር። ግድግዳ የምንጋራት ኦሮሞ ጎረቤቴ ልጇን ልትድር ነው፤ ሻይ የሌለበት ኒካህ ደግሞ በእኛ ከተማ ለቅሶ ይመስላል። አብረን ተሰለፍን። ተራዋ ሲደርስ፣ በቅርቡ ከደጋ ተመድቦ የመጣው ካድሬ የወሩን ስኳር ቀደም ብላ ወስዳ እንደሆነ ጠየቃት።

«ላኪ» አለችው።

በኦሮምኛ «አይ፣ አልወሰድኩም» ማለቷ ነው። «ኪ»ን አጥብቃ ነበር ያለችው፤ እሱ ግን አላልቶ ሰማትና ዓይኑ ፈጠጠ። በባቡር ወደ ጅቡቲ ስኳር የምትልክ ኮንትሮባንዲስት በገዛ አፏ የተናዘዘችለት መሰለው።

«ለማን ነው የምትልኪው?»

«ላኪ!» አለች እጇን እያወናጨፈች።

«እሱማ ገባኝ። ተቀባዩ ማነው?»

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። እሱ ግን ስኳሯን ወደ ጓዳ አስመልሶ ዞር በይ አላት። ጎረቤቴ እንባዋ ሲመጣ ሳይ ሳቄን ዋጥኩና ቃሉን ላስረዳው ሞከርኩ። ግብረ አበሯ መሰልኩትና ተራሽን ጠብቂ አለኝ።

«ጓድ፣ እሷ ሳትወስድ እኔም አልወስድም» አልኩት።

ወደ ሰልፉ ዞሬ በኦሮምኛ፣ ከእሷ በፊት ስኳር የሚወስድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አማራው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ የዓረቡ ሚስት ሳይቀሩ በአንድ ድምፅ «ላኪ» አሉ።

ካድሬው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየና «ሁላችሁም?» አለ።

አንዲት አሮጊት ከሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጡ። የድሬ ልጅ የሆነው መዛኝ ጆንያው ላይ ተደፍቶ ሲንፈቀፈቅ ቆይቶ በመጨረሻ የቃሉን ትርጉም በጆሮው ነገረው። ካድሬው ፊቱ ቀላ። ማንኪያውን ከመዛኙ ተቀብሎ በገዛ እጁ ሰፈረላት፤ ከማፈሩም የተነሣ ሚዛኑ ደፍቶ እንኳ መጨመሩን አላቆመም።

«የተረፈውን መልስ፣ ከኋላችን ሰው አለ» አልኩት።

መለሰ። ጎረቤቴ ስኳሯን ታቅፋ እስከ ቤት ድረስ ስትቆነጥጠኝ ሄደች።

«ትርፉ ለኒካህ ነበር እኮ፣ አቦ!»