ዘሃራን ውሸት ሳስጠናት

ካርቱም ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ሙቀቱና ስለ አቧራው ያወራል። እኔን ግን፣ ወላሂ፣ የሚናፍቀኝ ያ ሳጃና ሰፈር ያለው ጠባብ ክፍላችን ነው። ከእትዬ ዘሃራ ጋር አምስት ወር ኖርንበት። መንግሥት የተገለበጠበት፣ ጎረምሳው ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚስልበት፣ ሀፍላ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ተሳፋሪው «መደኒያ! የሲቪል መንግሥት!» እያለ የሚያጨበጭብበት ዓመት ነበር። ሁለታችንም ሥራ የለንም። ግን እንደዚያ ዓመት ስቄ አላውቅም።

ዘሃራ የወረባቦ ልጅ ናት። አል-ጣኢፍ የሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ አንድ የድሮው መንግሥት ሹም ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ናስራ የምትባለውን ልጁን ከተወለደችበት ቀን ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። መንግሥቱ ሲወድቅ ቤተሰቡ በአንድ ቀን ከአገር ወጣ፤ ዘሃራ አንድ ሸንጣ ይዛ እኔ ጋ መጣች። በአምስተኛው ወር ነገሩ ጠናብን። ያን ወር ሥራ ካላገኘች ወደ ወሎ መመለሷ ነው። እሷ ግን እምቢ አለች። «ናስራ ብትመለስ የት ታገኘኛለች?» ትላለች። አሁን ይሄ ምን ይባላል!

በዚያው ሰሞን ዶክተር ሉጥፊያ የምትባል የአል-ጣኢፍ ሐኪም ለመንታ ልጆቿ ሠራተኛ እንደምትፈልግ ሰማሁ። ችግሩ፣ ወንድሟ ሰልፍ ላይ በድሮው መንግሥት ወታደሮች ጥይት ተመቶ እግሩን አጥቷል። እዚያ ቤት የሹሙን ስም መጥራት ማለት በገዛ እጅ መባረር ነው። ስለዚህ ታሪክ ፈጠርኩላት፦ ኦምዱርማን፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴና ሚስቱ ቤት። ልጅ የላቸውም። ልጅ አሳድገሽ ታውቂያለሽ ካለችሽ፣ የእህቴን ልጆች በይ አልኳት።

ሦስት ቀን አስጠናኋት። እኔ ጠርሐ ሻርፕ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ አልጋው ላይ እንደ መዳም እቀመጣለሁ፤ እሷ በር ላይ ትቆማለች።

«ከዚህ በፊት የት ሠራሽ?»

«ኦምዱርማን፣ መዳም... መሪማ፣ እግርሽን ሰብስቢ እንጂ! የትኛዋ መዳም ናት እንዲህ የምትቀመጠው?»

«እትዬ ዘሃራ፣ ፈተናው ያንቺ ነው የኔ?»

ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። «ልጅ ነበራቸው?» ስላት ግን ሳቋ ይጠፋል። «አልነበራቸውም» ትላለች፣ ምንጣፉን እያየች።

ቀኑ ሲደርስ፣ ያላ፣ በሪክሻ ሄድን። ዶክተር ሉጥፊያ ፊቷ ደግ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችልን። ዘሃራ ያስጠናኋትን አንድም ሳትስት አወረደችው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ሐኪሟ «ልጅ አሳድገሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

እኔ በሆዴ «የእህቴን ልጆች በይ፣ በይ እንጂ!» እላለሁ።

«አንዲት ልጅ አሳድጌያለሁ» አለች። «ናስራ ትባላለች። ኦምዱርማን ሠርቼ አላውቅም።» ከዚያ የአባትየውን ስም ከነአያቱ ጠራችው።

ኧረ በአላህ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሉጥፊያ አልጮኸችም። «እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ግን ወንድሜ በዚህ በር ነው የሚገባው። አልችልም» አለች። ልንወጣ ስንነሳ ዘሃራ ክንዴን ይዛ ወደፊት ገፋችኝ።

«መዳም፣ ይቺን ያዢያት። ሦስት ልጅ አሳድጋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እኔ ሦስት ቀርቶ አንድ ሕፃን አቅፌ አላውቅም። ዘሃራ ግን ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ለራሷ መዋሸት ያልቻለችው ሴትዮ! ሐኪሟም እውነት ተናግራ ሥራዋን ያጣችን ሴት እንዴት ትጠራጠር? «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለችኝ።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ተቆጣኋት። «ዝም በይ፣ ይልቅ ዳይፐር እንዴት እንደሚቀየር ላሳይሽ» አለችኝ። በሳምንቱ ሚና በሪ መናኸሪያ ሄጄ፣ ወደ ወሎ እንድትመለስ በድንበሩ በኩል የገዳሪፍ አውቶቡስ ላይ ሸኘኋት። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «የነናስራ ቤት ከምትሠሪበት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። በሩን እያየሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ዳቦ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር በዚያ በኩል እዞር ነበር። በዓመቱ በሩ ተከፈተ፤ ሌሎች ሰዎች ገቡበት፣ ግንቡንም ቀለም ቀቡት። ዘሃራ በየወሩ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱኑ ነው።

«እንደተዘጋ ነው፣ እትዬ» እላታለሁ። «ይመለሳሉ፣ ኢንሻላህ።»