የልቦለዴ ሟች ክርስትና ስም

ከደብረ ታቦር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ እየጻፍኩት ያለሁትን ልቦለድ ለጓደኛዬ በስልክ አነብላት ነበር። በእንፋሎት የምትሄድ የብረት በቅሎ የሠራችው አስካለ፣ የሞተ አንጥረኛ መንፈስ አፍቅራለች። ለሌላ ሊድሯት ሲሉ “እሱ ካልሆነ ቆሜ ልቅር!” አለች።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ።

“የሟቹ ክርስትና ስም ማን ነው፣ ልጄ? ጣራ ገዳም ልሳለም እየሄድኩ ነው፤ ነፍሱ እንዳትንከራተት አስጸልይለታለሁ።”

ፈጠራ ነው ልላቸው አስቤ ነበር። እንባቸውን ሳይ ግን አላስቻለኝምና “ወልደ ገብርኤል” አልኳቸው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ መንፈሱ ወደ ልቦለዴ አልመጣ ብሎኛል፤ አርፏል መሰለኝ። አስካለም “እሱን ሳትመልሽልኝ ንቅንቅ አልልም” ብላ፣ የብረት በቅሎዋን ምዕራፉ መሃል አቁማታለች።