ዙሪያውን የላጥኩት ኮክ

ልጄ የባዮሎጂ መጽሐፏን ጠረጴዛ ላይ ገልጣ ትታው ሄዳ፣ የተቆረጠ ግንድ ሥዕል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወዲያው የኮክ ልጥ ሸተተኝ፤ ያ እርጥብ፣ መረር ያለ ሽታ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሰበታ ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የኮክ ዛፍ ነበር። ትልቁን የተከሉት የአከራያችን ባለቤት ናቸው፤ ከተጂ ገጠር ሙሽራ ሆነው በመጡበት ዓመት። አከራያችንን ኦቦ ነበር የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን ጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ስለነበሩ ስለ ዛፍ ብዙም አያውቁም። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ከዛፍ ላይ ትንሽ ልጥ ይዛችሁ ኑ አለን። ለእኔ ትንሽ ነገር መች ይበቃኛል! ከሁሉ በልጬ ልታይ ብዬ፣ የትልቁን ኮክ ግንድ ከሥሩ ከፍ ብሎ ዙሪያውን በቢላዋ ላጥኩትና አንድ ሙሉ ቀለበት ይዤ ሄድኩ።

መምህሩ ቀለበቱን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። ውኃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው እንጨቱ ውስጥ ባለው ዛይለም ነው፤ ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ግን ልጡ ውስጥ ባለው ፍሎየም ነው አለ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዙሪያውን ነው እንዴ የላጥሽው? ሥሩ እኮ በረሃብ ያልቃል። ይሞታል።"

ቁስሉን በጭቃ መረግሁት። በየጠዋቱ ቅጠሉን አያለሁ፤ አረንጓዴ ነው። ውኃው ይወጣላ! ይባስ ብሎ ሰኔ ላይ ያፈራው ኮክ ትልልቅና ማር ማር የሚል ሆነ። መምህሩን ብጠይቀው፣ መውረጃ ያጣው ስኳር ፍሬው ላይ ቀርቶ ነው አለኝ። ኦቦ "ኮቱ፣ ነይ ብዪ" እያሉ በሳህን ይሰጡኛል፤ ለእናቴ አሳልፌ እሰጣታለሁ። ብናገር ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ያንን ቤት ያገኘችው ስንት ተንከራታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ኦቦ ትንሹ ኮክ ሥር ተንበርክከዋል። አጠገባቸው በባልዲ ጭቃ አለ፤ እጃቸው ላይ ቢላዋ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለካ ግንዱን ስመርግ አይተውኝ፣ ጭቃውን ፍቀው የተላጠውንም አይተው ኖሯል። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ፍሬ የሚያጣፍጥ መላ መስሏቸዋል።

"ለዚህኛውም እንዳንቺ ላድርግለት" አሉ።

ቢላዋው ልጡን ነክቷል። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ እጃቸውን ያዝኩ።

"ኦቦ፣ ይተዉት። ትልቁን ገድዬዋለሁ።"

ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ፍሬ የተሸከመውን ዛፍ ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ባልዲውን አንስተው ሄዱ። አልተቆጡም፤ ለእናቴም አልነገሯትም። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ትልቁ ኮክ ቅጠል ሳያወጣ ቀረ። ባለቤታቸው ግንዱን እየዳበሱ ምን ነካው አሉ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር።

"አርጅቶ ነው" አሉ ኦቦ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

የባለቤታቸው ጣቶች ጭቃው የረገፈበት ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ምን እንደሚሆን አሳምረው ያውቃሉ። ዞረው አዩኝ።

"ያረጃላ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከእኔ ጋር አይደል የመጣው።"

ወደ ቤት ገቡ። ተከትያቸው ገብቼ እግራቸው ላይ መውደቅ እችል ነበር። ልብሱን ማስጣት ቀጠልኩ።