የማይስማማው ፕሮሰሰር

ባለቤቴ የሚሰጠውን ሁሉ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነው የሚሰጠው። በስደት በምንኖርበት ኦሬንጅ ፋርም በከፈትነው ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቃችን፣ ስኳር ሲሰፍር እንኳ ጣሳው ላይ ክምር ካልሠራ እጁ አይመለስም። ያን እሑድ እኔ ከቸርች ሳልመለስ ኮምፒውተሬን የከፈተው በዚያው እጁ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ክፍላችን ስገባ መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ እንዳትቆጪ። ላስደስትሽ ብዬ ነው» አለኝ፤ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የሚጠራኝ እንዲህ ነው።

ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ እያልኩ ሳማርር ሰምቶ፣ ከጀፕ ገበያ ፈጣን የተባለ ፕሮሰሰር ገዝቶልኝ ኖሯል። ገጥሞ ቢያበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የርቀት ትምህርቴ ፈተና አለብኝ፤ በስልክ አይሠራም። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚሰዱበት ዕድሜ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝና ከአንድ ፈተና መቅረት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«ይስማማ እንደሆነ ሻጩን ጠይቀኸዋል?»

«ይገባል አለኝ። ደግሞም ገባ!»

መግባቱንስ ገብቷል። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ የታተመውን ስም አንብቤ በስልኬ የአምራቹን ገጽ ፈለግሁ። ቦርዱ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች መካከል አዲሱ የለም፤ ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ የተሠራው ከእኛው በኋላ ለመጡ ቦርዶች ነው። እንግዲያው የድሮውን መመለስ ነው ብዬ አዲሱን ሳነሣው ክው አልኩ። ከላይ በስሱ መቀባት የነበረበት የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከታችም ተለቅልቆ፣ ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ሶኬት ውስጥ ተጋግሯል።

«ከታች ደግሞ ምን ሊሠራ?»

«ታዲያ ላዩን ቀብቼ ታቹን ልንፈገው?»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። ሶኬቱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ እግሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ከታጠፈ ቦርዱም ፈተናውም አለቀላቸው። በጨርቅ ሊጠርገው እጁን ሲሰድ «ተው፣ ክሩ ይይዛቸዋል!» አልኩት። የቅባቱ ቱቦ ላይ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚል ጽሑፍ ሳነብ ትንሽ ተነፈስኩ። ለማጽጃ የሚሆን ጠንካራ አልኮል ቤት ውስጥ ነበረን፤ እሱ ከሱቁ መደርደሪያ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አመጣና በስልኩ አበራልኝ። እግሮቹ ወደተጋደሙበት አቅጣጫ ብቻ፣ ብሩሹን እያረጠብኩ፣ ሳልጫን ጠረግሁ።

አንዲት ደንበኛ በሱቁ መስኮት «ሳውቦና!» ብላ በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጥታ ዳቦ ጠየቀች። «እናቴ፣ ዶክተሯ ኦፕራሲዮን ላይ ናት» ብሎ በአማርኛ መለሰላት። ምን እንደገባት አላውቅም፣ መስኮቱን ተደግፋ ጠበቀች።

አልኮሉ ደረቀ። የድሮውን ፕሮሰሰር መልሼ አናቱ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቅባት ጠብ አደረግሁ።

«ይቺን ብቻ? ስስታም!» አለኝ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ በራ። «ጌታ ይመስገን!» ብሎ ዘሎ ተነሣና ዳቦውን ይዞ ሮጠ።

በማግስቱ እኔ ለፈተናው ስቀመጥ እሱ ሬዲዮውን አጥፍቶ በሹክሹክታ ይሸጥ ጀመር። አንዱ ጥያቄ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ስጠብቅ እሰማዋለሁ፤ «ቀስ በሉ፣ ሚስቴ ፈተና ላይ ናት» ይላል በእንግሊዝኛ፣ የመጣውን ሰው ሁሉ። ሹክሹክታው ታክሲ መቆሚያው ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።