ተኩሱን ለመጨረሻ አቆይ

በአንዲት ፊደል ሁለት ወር ከአሥር ቀን አሰሩኝ። ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ ቤት። ሌላ ወንጀል ፈልገው አጥተውብኛል።

ፊደል የቆጠርሁት ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጆች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ከዚያ በሮብ ገበያ ዙሪያ በግጭቱ ሰው የሞተባቸውን አሰባስበው የሚያነጋግሩ ሰዎች ይሠልጥኑ ተባለ። የማኅበረሰብ ፈውስ ይሉታል። እድራችን እኔን ላከ። አሠልጣኟ የምትለውን በደብተሬ እይዝ ነበር።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው መንገድ ላይ ፈተሹኝና ደብተሩን ከኮቴ ኪስ አወጡት። እንዲህ ይላል፦ «ሰው ሰብስብ። ክብ አድርገህ አስቀምጥ። ስልክ ይጠፋ። ተኩሱን ለመጨረሻ አቆይ።»

ልጽፍ የፈለግሁት «ትኩሱን» ነው። ሐዘኑ ገና ትኩስ የሆነበትን ሰው ቀድመህ አታናግር፤ ሌላው ሲናገር ይስማና ልቡ ሲረጋ ይከተል ማለት ነው። ማን ይስማኝ?

ከሌሎች ታሳሪዎች ጋር የከተቱኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ወጥቷል፤ ሽታው አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፤ እንጀራው ሳይቀር እሱን እሱን ይላል። ጆንያ አንጥፈን እንተኛለን። አጠገቤ የነበሩት ከዲማ በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ለምን እንደታሰሩ እሳቸውም አያውቁም።

ነገሬን ስነግራቸው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ሳድሱን ግዕዝ አደረግኸው በለኛ! ት ብለህ አፏን ብትዘጋት ቤትህ ነበርህ። ተ ብለህ ከፈትህላት፣ ዋጠችህ።»

«የኔታ፣ እኔ እዚህ እየበሰበስሁ እርስዎ ይቀኙብኛል?»

«እህሳ፣ ላልቅስልህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። አሠልጣኟ «ሰውን ለመምራት የሚነሣ መጀመሪያ የራሱን ቁጣ ይወቅ» ትል ነበር። አወቅሁት። ታዲያ ምን ይጠበስ?

ጥቂት ቀን ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ያቺ ለመጨረሻ ያቆየሃት ትኩስ የማን ናት?» አሉኝ።

በሥልጠናው ላይ ሁሉም የራሱን ሲናገር እኔ ተራዬ ሲደርስ «ይለፈኝ» ብያለሁ። ሁለት ጊዜ። የታናሽ ወንድሜን ሬሳ ከማሳው ዳር ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለእናቴ ግን ሌሎች አገኙት ነው ያልኋት፤ ፊቱ እንዴት ነበር ብላ እንዳትጠይቀኝ።

«የእኔው ናት» አልኋቸው። ነገርኋቸው።

የኔታ አልተቀኙም፤ አልመከሩኝምም። ስጨርስ የጋቢያቸውን ጫፍ እግሬ ላይ ጣል አደረጉ፤ ያ ብቻ። ሰው መስማት እንዴት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ቢሆንም አልቀለለኝም። ሲናገሩት ይቀልላል ያለኝ ሰው ዋሽቶኛል።

በማግሥቱ መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ፤ ከጎኑ የጣት ቀለም።

«ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ምን ይላል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ አልናፈቀህም? አውራ ጣትህን አምጣ።»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«መቻልህንማ አየነው» ብሎ ሳቀ።

አነበብሁት፤ በጣቴ እየተከተልሁ፣ እሱ ሰዓቱን እያየ። ሰው የምሰበስበው ለተኩስ እንደነበር አምኜ ተጸጽቻለሁ ይላል። ይህን ፈርሜ ብወጣ፣ ልጇን የቀበረች የትኛዋ እናት አጠገቤ ትቀመጣለች? ማንስ ያስቀምጣታል?

እስክሪብቶ ጠየቅሁ። ግርጌው ላይ «ይህ ውሸት ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን ጨመደደው። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ የጠራኝ የለም። ከወሩ በኋላ ለቀቁኝ።

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ በእድሩ ቤት ሰው አስቀምጣለሁ። ሰባት ስምንት ሰው ይመጣል። ሲያገኙኝ መንገድ የሚቀይሩም አሉ። አልፈርድባቸውም ብል ደስ ባለኝ፤ እፈርድባቸዋለሁ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ስለ ወንድሜ። እናቴ በሁለተኛው ስብሰባ መጥታ ሰማች። አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ቀድማኝ መጥታ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ፊቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

ሲለቁኝ «ስንጠራህ ትመጣለህ» ብለው ነበር። ከዚያ በየወሩ እየጠሩኝ፣ ሥራ እየፈታሁ ሄጄ መገኘቴን ፈረምሁ። ደብተሬን ጠፋ አሉኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። መዝገቡ ተዘግቷል የሚል ሁለት መስመር ወረቀት የሰጡኝ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ነው፤ የሚካኤል ማግሥት።