ኮቱን ያለበስነው አሉማ

ታላቅ ወንድሜ በበረዶው ወራት አረፈ። ከእሱ የቀረኝ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለው ልብሱና በጠርሙስ ያለ የአሉማ ዘር ነበር። የአሉማ ቅጠል እንደ ጎመን ይሠራል፤ ፍሬው ከጤፍ ብዙ አይበልጥም። ዘሩን ከአርባ ምንጭ ያመጣው እሱ ነው። በየዓመቱ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ባለው ቤታችን ጓሮ ይዘራና መልሶ ዘር ይይዝ ነበር።

የሚዘራው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም ከዚህ ሌላ ሕግ ያለው አልመሰለኝም። ያን ዓመት ፋሲካ ቀድሞ ገባ። ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ፣ ፀሐይ ነበረች፣ ጠርሙሱን ገልብጬ ሁሉንም ዘራሁት። ለምን ሁሉንም? እንጃ። ቶሎ ሲበቅል ማየት ፈልጌ ይሆናል።

በቀለ። ቅጠሉ ቀይ ነበር፤ ጥፍር ያህላል። አንድ ቀን ዳውንታውን ዴንቨር ከምሠራበት ፓርኪንግ ስመለስ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። እትዬ ነው የምላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ውርጭ አለ። ማን አሁን ዝራ አለህ?»

«እሱ ከፋሲካ በኋላ ነበር የሚዘራው፣ እትዬ።»

«ፋሲካው ዘግይቶ ሲውል ነዋ! ከቀደመማ ሜይ እስኪጋመስ ይጠብቃል። እኔንም ‹ቲማቲምዎን አያውጡ› እያለ ነዝንዞ ነው የገደለኝ።»

ሁለት አንሶላ አምጥተው በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ዘረጋናቸው፤ አልበቁም። መደቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልብሱስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ልብስ ማንም አልነካውም። አላጠብኩትም፤ ጠረኑ ነበረበት።

«እሱ ቢኖር ኮቱን አውልቆ ያለብሰው ነበር» አሉ። «ያውም አንተን እየሰደበ።»

ሳቅሁ። ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ገብቼ ኮቱንና ሹራቦቹን አወጣሁ። እትዬ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዙልኝ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ኮቱ እንደ ካርቶን ደርቋል። አነሳሁት። አሉማው ቆሟል። ልብስ ያልደረሰለት ብቻ ጠቁሮ ተኝቷል።

ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። አጠብኩት። ጠረኑ ሄደ፣ አዘንኩ። ግን በጋውን ሙሉ ከዚያ ቅጠል በላን፤ የእትዬም ቤት፣ የእኔም ቤት።

የአሉማው ዛላ ሲደርስ ዘሩን አራገፍኩና ለእትዬ አካፍዬ ወሰድኩላቸው። በእጄ የቀረውን ድርሻዬን አይተው ሌላውን እጃቸውንም ዘረጉ።

«ያንተንም አምጣ» አሉ። «እኔ ጋ ይክረም። አንተ ትቸኩላለህ።»

ሰጠኋቸው። እስካሁን እሳቸው ሳይሉኝ አልዘራም።