ወይዘሮዋና አሥራ ሁለቱ መርፌዎች

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ኖራለች፤ መቀሱ እጇ ሥር ተቀምጦ፣ በጥርሷ። የበጠሰችውን እፍ ትለዋለች፣ ክሩም ያሻው ቦታ ይወድቃል። ክር የገባበትን መርፌ ደረቷ ላይ ትሰካለች። ደረቷ ሲሞላ የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ከዚያም መጋረጃው ላይ። እኔ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ካርድ በየቁጥሩ ስደረድር ውዬ ቤት ስገባ፣ ሶፋው ላይ ከመቀመጤ በፊት በእጄ መዳበስ አለብኝ። ሁለታችንም ብቻችንን ከቀረን ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላኖረን አምላኬን ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ። ስለ መርፌው ግን አመስግኜ አላውቅም።

ድመት ያመጣችብን ቤት ለቃ ርቃ የሄደች የእህቴ ደንበኛ ናት። ባለ ሦስት ቀለም፣ ወፍራም፣ ሲጠሯት ጆሮዋን ብቻ የምታዞር ድመት ናት። እህቴ «ወይዘሮዋ» አለቻት። እኔ በልቤ የሰጠኋትን ስም መጻፍ አያስፈልግም። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እህቴ ባሏ ካረፈ ጀምሮ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ቃል ሳይወጣት ትውል ነበር። ወይዘሮዋ ከመጣች በኋላ ደረጃ ስወጣ ድምፅ እሰማ ጀመር። «ይህ ኮሌታ ጠመመ አይደል? አንቺም ታይኛለሽ ዝም ብለሽ።» በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁባቸው ቀናት አሉ።

ከዚያ ወይዘሮዋ ክር ዋጠች። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ አንድ ክንድ የሚሆን ክር አወጣ። ወጣት ነው፣ ንግግሩ ግን የሽማግሌ ነው።

«እናቴ፣ ይህ ከተደገመ አንጀቷ አይችልም፤ ከአሁኑ ልንገርዎት» አላት እህቴን። «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች?»

«ምን ትሠራለች፣ ድመት አይደለች?»

«ሥራ የላትማ። ዘልላ የምትወጣበት፣ ተቀምጣ ውጭ የምታይበት፣ የምታሳድደው ነገር ያስፈልጋታል። እሱን ካላገኘች ክር ታድናለች።»

እህቴ መንገዱን ሁሉ ድመቷ የተኛችበትን ቅርጫት አቅፋ ተመለሰች። እኔ ግን ቆርጬ ተነሣሁ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስለ ቤት እንስሳት የተጻፈ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አናጢ ጠርቼ መስኮቱ ሥር መደርደሪያ አስመታሁ። ካርቶን ቀዳድቼ መደበቂያ ሠራሁ። ከጨርቅ ኳስ ጠቀለልኩ። ወይዘሮዋ ኳሱን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ካርቶኑን ዞረችው፤ መደርደሪያውን ቀና ብላም አላየችው። ከዚያ ሄዳ የእህቴ የልብስ ቅድ ወረቀት ላይ ተዘረጋች፤ ወረቀቱ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የተለካ ነበር። መጽሐፉ ትዕግሥት ይላል። የጻፈው ሰው ይህችን አያውቃትም።

የመርፌውን ሕግ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። መርፌ አሥራ ሁለት ብቻ፤ ማደሪያቸው ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ፤ ከሥራ በኋላ ተቆጥረው ይገባሉ። ክር በመቀስ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ማሰሮ ውስጥ ይጣላል።

«ቤቴን ካርድ ክፍል አደረግሽው» አለችኝ።

«ካርድ ክፍል ውስጥ ክር የዋጠ ሰው የለም።»

«መስኮቱ ላይ የምትሰቅይውን መረብ እንኳ እኔ ልስፋው። አንቺ መርፌ አያያዝሽ የሐኪም ነው፣ ትወጊያለሽ እንጂ አትሰፊም።»

«አንቺ ክር ትጥያለሽ» አልኳት። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ያለ መረብ መስኮት አይከፈትም። የናይለን መረብና አንድ ወፍራም መርፌ ገዝቼ ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ክር እዚያው መስኮቱ ላይ ከጨርቅ ጠርዝ ጋር ሰፋሁት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

በሳምንቱ እህቴ ምንም ሳትነግረኝ የባሏን አሮጌ ካፖርት ቆርጣ መደርደሪያው ላይ አነጠፈችው። ወይዘሮዋ ያን ቀን ወጣች፣ ከዚያ ወዲህም አልወረደችም። ማዶ ጣሪያ ላይ ርግቦች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ በመረቡ በኩል ታስተዳድራቸዋለች። ያን ሁሉ አንብቤ አንድ ካፖርት በለጠኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስገባ እህቴ ቆማለች፣ ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ወይዘሮዋ መደርደሪያው ላይ ሆና አፏን በመዳፏ ትጠርጋለች።

«አፏ ውስጥ ክር አየሁ» አለች እህቴ። «ስነሣ ለቀቀችው። መርፌዎቹ ግን አሥራ ሁለት ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።»

«እንደገና ቁጠሪ» አልኳት። «ደረትሽን እይ። መጋረጃውን እይ። ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ይህችን ድመት ልትገያት ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር...»

አላስጨረሰችኝም። በጣቷ ወደ መረቡ ጠቆመች።

በታችኛው ማዕዘን፣ ከካፖርቱ ጫፍ በስተኋላ፣ የጨርቁ ጠርዝ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ወፍራም ጥቁር ክር ተንጠልጥሎበታል፤ ክሩም በምራቅ ርሷል። አስታወስኩ። በሁለተኛው ምሽት አዲስ ክር አስገብቼ ልቀጥል ስል እራት ደረሰ ብላ ጠራችኝ። የቀረው ማዕዘን ነገ ይደርሳል ብዬ እዚያው ሰካሁት።

«ክሩን ስታስገቢ ጫፉን ቋጥረሻል?» አለች እህቴ።

«አዎ። ሁሌም ነው የምቋጥረው።»

«እንግዲያው ቋጠሮው ጫፉ ላይ ካለ ክሩ አልተበጠሰም፤ አልዋጠችም።»

እኔ መንካት አቃተኝ። እሷ ጎንበስ ብላ እርጥቡን ክር በሁለት ጣቷ እየዳበሰች ወደ ታች ወረደች። ያን ያህል ረጅም ክር አይቼ አላውቅም። በልቤ አንድ ጸሎት ጀምሬ መካከሉ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።

«አለ» አለች። እጄን ይዛ አስዳሰሰችኝ። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ የተላመጠ ቋጠሮ። ተመስገን አልኩ።

ልትቆጣኝ ይገባት ነበር። እኔ ብሆን እስከ ማታ ባልተውኩ። እሷ መርፌውን ነቀለች፣ ክሩን በመቀስ ቆረጠች፣ ማሰሮው ውስጥ ጣለች፣ መርፌውን ከሌሎቹ ጋር ሰካችው።

«አሥራ ሦስት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ የቀረውን ማዕዘን ልጨርስ ቆርቆሮውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ስሄድ፣ ከኋላዬ ዝግ ባለ ድምፅ ለድመቷ ስታወራ ሰማኋት።

«ወይዘሮ፣ ከአጠገቧ እንዳትርቂ፣ ጠብቂያት። ካርድ ክፍሏ መርፌ ይዛለች።»